አንድን ወንዝ ለዓመታት መከታተል፦ ስለ ወንዝ ውሃ ጥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሙያዬ ሃይድሮሎጂስት ነኝ። የምሠራው በአዋሽና በገባሮቹ ላይ ነው፤ በተለይ በአቃቂና በሞጆ። ድልድይ ላይ ቆመን ባልዲ በገመድ ስናወርድ ሰው ይሰበሰባል። ተማሪዎች፣ እረኞች፣ መንገደኞች፣ ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ይጠይቁናል። ቤተሰብና ጓደኛም ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ሃይድሮሎጂስት ማለት ጉድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ነው?

አይደለም። ከመሬት በታች ያለውን ውሃ የሚያጠናው ሃይድሮጂኦሎጂስት ይባላል፤ የቅርብ ዘመዳችን ነው። እኛ የምንጠይቀው ዝናብ ከወረደ በኋላ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚሄድና ምን ይዞ እንደሚሄድ ነው። እኔ ያለሁት ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ወንዙ ምን ይዟል? ይህስ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?

ስለ አዋሽ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። ባሕር የማይደርስ ወንዝ የተሸከመውን ሁሉ የሚያራግፈው መንገድ ላይ ነው። ቆቃ ግድብ ደለል ውስጥ ይተወዋል፣ በመስኖ ማሳ አፈር ውስጥ ይተወዋል፣ የቀረውን ሐይቁ ይቀበለዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አቃቂ ውስጥ የሚጣለው ነገር ከአገሩ አይወጣም። ይህን ሳስብ ሥራዬ ያስጨንቀኛል፤ እውነቱን ልናገር።

አንድ ጊዜ ውሃ ወስዶ ማስመርመር አይበቃም?

ዛሬ ጠዋት ይጠጣል ወይስ አይጠጣም ለሚል ጥያቄ ሊበቃ ይችላል። ወንዙ ወዴት እየሄደ ነው ለሚለው ግን በጭራሽ አይበቃም።

አስቡት። አቃቂ ሰኞ ጠዋት አንድ ዓይነት ነው። ማታ፣ ከተማው እራት በልቶ ዕቃ ሲያጥብ፣ ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ ደለል ተሸክሞ ቡናማ ይሆናል። ግንቦት ላይ ውሃው አንሶ ፍሳሹ ብቻ የሚፈስ ይመስላል። በሌሊት የሚለቀቅ ነገርም አለ፤ ያን በቀን የወሰድነው ጠርሙስ አያገኘውም። ከዚህ ሁሉ አንዷን ደቂቃ ቀድቶ «ወንዙ እንዲህ ነው» ማለት ታማሚን በመንገድ አይቶ በሽታውን እንደመናገር ነው።

የረጅም ጊዜ ክትትል ማለት በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ዘዴ፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ለዓመታት መመለስ ነው። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ ዋጋው ግን እዚያው መሰልቸቱ ውስጥ ነው። የ2005ን ውሃ ዛሬ በምንም ገንዘብ መቅዳት አይቻልም። ያልተለካ ዓመት ያው እንደጠፋ ይቀራል።

በትክክል የምትለኩት ምንድን ነው?

እዚያው ወንዙ ዳር የሚለኩ አሉ፤ ላብራቶሪ የሚሄዱም አሉ።

ወንዝ ዳር የሙቀት መጠንን፣ ፒኤችን (የውሃውን አሲድነት)፣ የተሟሟ ጨውን፣ ድፍርስነትንና በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን እንለካለን። ጨውን በቀጥታ አንቆጥርም። ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ እናያለን፤ ጨው በበዛ ቁጥር ማስተላለፉ ይጨምራል። ይህች መለኪያ ርካሽና ፈጣን ናት። እኔ በጣም ነው የምወዳት። አንድ ፋብሪካ ወይም አንድ ትልቅ ቱቦ ከላይ ምን እንደለቀቀ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትነግረኝ እሷ ናት።

ኦክስጅን ላይ ትንሽ ልቆይ። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ባሕር ጠለል ላይ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ንጹህ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስስ ነው። የእኛ ንጹህ ውሃ በዚያው ሙቀት ቢበዛ ወደ 7 ሚሊግራም ነው የሚይዘው። ከሌላ አገር የተቀዳ መመሪያ ይዞ የመጣ ሰው 7ን አይቶ «ወንዙ ጎድሎበታል» ሊል ይችላል። ለእኛ ግን ያ ሙሉ ነው። በሌላ በኩል የደጋ ወንዞቻችን የሚነሱት ከትንሽ ጓዳ ነው፤ ቆሻሻ ሲገባባቸው ቶሎ ያልቅባቸዋል። ከ2 ሚሊግራም በታች ሲወርድ አብዛኛው ዓሣ አይኖርም። ጨርሶ ሲያልቅ ደግሞ ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይመጣል። ሽታው ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ጋዝ ነው።

ላብራቶሪ የሚላኩት ከማዳበሪያና ከፍሳሽ የሚመጡት ናይትሬትና ፎስፌት፣ ኢ ኮላይ የተባለው የሰገራ ባክቴሪያ፣ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ናቸው። ቢኦዲ የሚባልም አለ። ውሃውን በጨለማ፣ በ20 ዲግሪ፣ ለ5 ቀን አስቀምጠን ባክቴሪያዎቹ ስንት ኦክስጅን እንደጨረሱ እናያለን። ብዙ ከጨረሱ ብዙ የሚበሉት ቆሻሻ ነበራቸው ማለት ነው።

መሣሪያ የማይጠይቅ መለኪያም አለ። ድንጋይ እንገለብጣለን። ከእንጦጦ ሥር በንጹህ ጅረት ውስጥ ድንጋይ ብትገለብጡ የሚሸሹ ትናንሽ ነፍሳት ታያላችሁ፤ አንዳንዶቹ ጅራታቸው ሦስት ክር ነው። እነዚህ ቆሻሻ አይችሉም። ወደ መሀል ከተማ ስትወርዱ ይጠፋሉ። ጭቃው ውስጥ ቀያይ ትሎች ብቻ ይቀራሉ። ነፍሳቱ ወራት እዚያው ስለሚኖሩ በሌሊት የተለቀቀውንም ያውቁታል።

ውሃው ጥርት ያለ ከሆነ ንጹህ ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። ናይትሬት አይታይም፣ ፍሎራይድ አይታይም፣ ኢ ኮላይም አይታይም። በተቃራኒው ክረምት ላይ ቡናማ የሆነ የገጠር ወንዝ አፈር ብቻ የያዘ ሊሆን ይችላል።

ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይታጠባል አይደል?

ይህ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ብዙ ባለሙያም ይሳሳትበታል።

ክረምት ላይ ውሃው ስለሚበዛ ቆሻሻው ይቀጥናል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው «ነሐሴ ላይ ተሻሽሏል» ይላል። ግን ወንዙ በጠቅላላ የሚሸከመውስ?

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው የወሰድኳቸው። በጋ ላይ ወንዙ በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ይፈሳል፣ በሊትር 20 ሚሊግራም ናይትሬት አለው እንበል። በሴኮንድ 20 ግራም ናይትሬት ያልፋል ማለት ነው። ክረምት ላይ 30 ሜትር ኩብ ይፈሳል፣ በሊትር 4 ሚሊግራም ብቻ አለው። ሲባዛ በሴኮንድ 120 ግራም ይሆናል። በሊትር የነበረው ወደ አንድ አምስተኛ ወርዶ ሳለ ወደ ታች የሚሄደው ስድስት እጥፍ ሆኗል። ታች ላለው ለቆቃ ቁም ነገሩ ይህ ስድስት እጥፍ ነው።

ለዚህ ነው የውሃ ጥራትን ያለ ፍሰት መለኪያ ማጥናት የማይቻለው። ስንት ውሃ እንዳለፈ ካላወቅኩ ያለኝ ቁጥር ግማሽ ነው።

አንድ ጥንቃቄም ልጨምር። ከረጅም በጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያው ጎርፍ ከሁሉ የከፋ ነው። መንገድ ላይ፣ ቦይ ውስጥ፣ ሽንት ቤት ዳር የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ሰዓት ተጠርጎ ይገባል። በዚያን ቀን ልጆች ወንዝ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ደራሽ ውሃው ራሱ አደገኛ ነው፤ የያዘው ደግሞ ይብሳል።

ናሙና መውሰድ ምን ይከብዳል? ጠርሙስ መሙላት አይደለም እንዴ?

መጀመሪያ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ከዳር አይቀዳም፤ ዳሩ ላይ ውሃው ይተኛል። መሀል ላይ፣ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀዳል። ጠርሙሱ በዚያው በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠባል። ይህ ግን ለባክቴሪያ ጠርሙስ አይሠራም። እሱ ከላብራቶሪ ተቀቅሎ ነው የሚመጣው፣ ክዳኑም የሚከፈተው ለመቅዳት ብቻ ነው። ለብረት የሚወሰደው ላይ ትንሽ አሲድ እንጨምራለን፤ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ሁሉም በረዶ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የባክቴሪያው ናሙና ቢቻል በ6 ሰዓት፣ ካልሆነም በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ከመተሐራ ተነስቶ መንገድ ከተዘጋ ያ ቀን ከስሯል ማለት ነው።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ ለዓመታት አንድ ዓይነት ሆኖ መቆየት። አንድ ጊዜ የአንድ ጣቢያ ናይትሬት ከአንድ ወር ወደ ሌላው ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። በዚያውም ቀጠለ። ደስ አለን። የላይኛው ተፋሰስ ላይ የተሠራ ሥራ ውጤት መስሎን ለሪፖርት ሁሉ አዘጋጀን። ግን የቀነሰበት መጠን አልጣመኝም፤ በጣም የተስተካከለ ነበር። የቆዩ ወረቀቶችን ሳገላብጥ ሳምንታት ፈጀብኝ። ለካ የሚመረምርልን ላብራቶሪ ውጤቱን የሚጽፍበትን መንገድ ቀይሮ ነበር። ቀድሞ ሙሉውን ናይትሬት ይጽፍ ነበር፤ በኋላ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ መጻፍ ጀመረ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.43 እጥፍ ነው። ወንዙ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ያንን ባናገኝ ኖሮ የሌለ መሻሻል አውጀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው «በምን ተጻፈ?» ብዬ ነው።

መረጃውን ማን ነው የሚመዘግበው?

የፍሰት መለኪያ ጣቢያ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የአካባቢው ሰው አለ። ጠዋትና ማታ ወንዙ ዳር ወርዶ የተተከለውን ባለ ቁጥር መለኪያ ያነብና ደብተር ላይ ይጽፋል። ክፍያው ትንሽ ነው። በዝናብም ይወርዳል፣ በበዓልም ይወርዳል። የአገራችን የውሃ መረጃ አብዛኛው የቆመው በእነዚህ ሰዎች እግር ላይ ነው።

አንድ አንጋፋ የመለኪያ አንባቢ አውቃለሁ። የደብተራቸውን አንድ ገጽ ሳይ አምስት ቀን ባዶ ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው። «አሞኝ ተኝቼ ነበር። ያላየሁትን አልጽፍም» አሉኝ። አንድ ሌላ ሰው ቢሆን በግምት ሞልቶት ይሄድ ነበር። ባዶ ቦታን በስሌት ማስተናገድ እንችላለን። በግምት የተሞላን ቁጥር ግን ከእውነተኛው መለየት አንችልም። የእሳቸውን ደብተር እስከ ዛሬ በሙሉ ልብ ነው የምጠቀመው።

ለውጥ አለ ለማለት ስንት ዓመት ያስፈልጋል?

በወር አንድ ጊዜ ከተለካ በ10 ዓመት አካባቢ ነገሩ መልክ ይይዛል። በ3 ዓመት የሚያዩት ብዙ ጊዜ የዝናብ ልዩነት ነው። አንድ ድርቅ ያለበት ዓመት የማንኛውንም ወንዝ ቁጥር ያበላሻል።

ስሌቱ ላይ ወቅቶች እንዳይደባለቁ እንጠነቀቃለን። ጥርን ከጥር፣ ነሐሴን ከነሐሴ ጋር ብቻ እናነጻጽራለን። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ባለሙያዎች ለወንዝ ውሃ ጥራት አዘጋጅተው አወጡት፤ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። ክረምትና በጋው እንደ ሰማይና ምድር ለሚራራቁበት ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ።

ረጅም መዝገብ ምን እንደሚያሳይ ለማየት ቴምስን ተመልከቱ። የለንደኑ ቴምስ ናይትሬት ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየወሩ የተመዘገበ ነው። በዚያ መዝገብ ላይ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ይታያል። ለምግብ ሲባል የግጦሽ መሬት ታርሶ ነበርና ናይትሬቱ ከፍ አለ። በኋላም ማዳበሪያ ሲበዛ እንደገና ወጣ። ማዳበሪያው ከተቀነሰ በኋላ ግን ወንዙ ቶሎ አልወረደም። ከማሳው የሰረገው ናይትሬት በድንጋዩ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ለመድረስ አሥርት ዓመታት ይወስድበታል። ዛሬ ወንዙ ውስጥ የሚታየው የአያቶች እርሻ ነው። መዝገቡ ከ1990 ቢጀምር ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

አቃቂን ያበላሸው ፋብሪካ ነው ወይስ እኛ?

ሁለቱም ናቸው። ድርሻቸው ግን እንደ ቦታው ይለያያል።

የአቃቂ ገባሮች፣ ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንቲይቀጡ፣ ቀጨኔ፣ በመኖሪያ ሰፈር መሀል ነው የሚያልፉት። እዚያ የምናገኘው ኢ ኮላይና አሞኒያ በዋነኛነት የሽንት ቤትና የቤት ፍሳሽ ነው። የፍሳሽ መስመር ያልደረሰበት ቤት ብዙ ነው። ቦታ የሌለው ሰው ቱቦውን ወደ ወንዝ ቢያዞር መውቀስ ቀላል ነው፤ የት ያድርገው ለሚለው ግን መልስ መስጠት ያለበት ከተማው ነው።

ብረትና ቀለም ስናገኝ ደግሞ ወደ ኢንዱስትሪ እንመለከታለን። ቆዳ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋው በክሮሚየም ነው። ክሮሚየም በሁለት መልክ ይገኛል። ለማልፊያ የሚውለው ባለ ሦስቱ ክሮሚየም አደጋው ያነሰ ነው። ባለ ስድስቱ ግን መርዝ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል። ስለዚህ «ክሮሚየም ተገኘ» ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በጠቅላላው በሊትር 50 ማይክሮግራም ነው። ሞጆ ወንዝ ላይ ይህን በቅርብ የምንከታተለው በአካባቢው ቆዳ ፋብሪካዎች ስላሉ ነው።

ሕጉ የለም እንዳትሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። አዋጅ ግን በማስረጃ ነው የሚሠራው። ከላይ ስንት ነበር፣ ከታች ስንት ሆነ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ? ይህን በተከታታይ ቁጥር ማሳየት ካልተቻለ ክርክሩ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ላይ ይቀራል።

ታዲያ በወንዙ የለማውን ጎመን ልብላ?

በአቃቂ ውሃ የሚለማ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ከተማው ገበያ ውስጥ አለ። ሁለት አደጋዎችን ለይተን እንይ።

አንዱ ተሕዋስያንና የትል እንቁላል ነው። ይህ በደንብ በማብሰል ይጠፋል። ስለዚህ የሚያሳስበኝ ጥሬ የሚበላው ሰላጣ ነው። ከየት እንደመጣ ካላወቅኩ እኔ ራሴ ጥሬ አልበላም።

ሁለተኛው ብረት ነው። ቅጠል ላይ ያለው አቧራና ጭቃ በማጠብ ይለቃል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ውስጡ ያስገባው ግን በማጠብም በመቀቀልም አይወጣም። ቅጠላ ቅጠል ከጤፍና ከስንዴ የበለጠ ይስባል። አንድ ቀን የበላ ሰው ምንም አይሆንም። ችግሩ ለዓመታት በየቀኑ ሲሆን ነው፤ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች። ገበሬው ላይ አትፍረዱ። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስለት ውሃ ያ ብቻ ነው።

የቧንቧ ውሃችን ከዚህ ወንዝ ነው የሚመጣው?

ስሙ ያሳስታል። አዲስ አበባ የምትጠጣው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ጉድጓዶቹ ከወንዙ አይቀዱም። ግድቦቹ ያሉት ግን በዚሁ በአቃቂ ተፋሰስ ላይ ነው፤ ከከተማው በላይ። ገፈርሳ በትንሹ አቃቂ ራስጌ፣ ለገዳዲና ድሬ በትልቁ አቃቂ በኩል። ያው ወንዝ ከላይ ይጠጣል፤ ከከተማው በታች አባ ሳሙኤል ግድብ ሲደርስ እጅ አይታጠብበትም። በመሀል ያለነው እኛ ነን።

አዳማ ግን በቀጥታ አዋሽን ነው የምትጠጣው፣ ቆቃ አጠገብ ተጣርቶ። ቆቃ ላይ ደግሞ ፎስፌትና ናይትሮጅን ሲበዛ ውሃው አረንጓዴ ቀለም የሚለብስበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያመጡት ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉት ሲሆኑ አንዳንዶቹ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። አረንጓዴ የለበሰ ውሃን ማፍላት መርዙን አያጠፋውም። ከብትም ከዚያ መጠጣት የለበትም።

ሰው ሳይነካው ውሃ ሊበላሽ ይችላል?

አዎ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ለዓመታት የጠጣ ሕፃን ጥርሱ ይበልዛል። መጠኑ በጣም ሲበዛ አጥንትም ይጎዳል። ማፍላት እዚህም አይረዳም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል።

መተሐራ ያለው በሰቃ ሐይቅ ደግሞ ለየት ያለ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ሌሎች ሐይቆች ሲሸሹ እሱ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን እያሳደደ ሰፋ። የከርሰ ምድር ውሃና የመስኖ ትርፍ ውሃ እንደሚገባበት ጥናቶች ያሳያሉ፤ የትኛው ምን ያህል እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። ውሃው ጨዋማና ፍሎራይድ የበዛበት ነው። ዳርቻውን እንዳያጥለቀልቅ በተወሰነ መጠን ወደ አዋሽ እንዲፈስ ይደረጋል። ስንት ይለቀቅ የሚለው ውሳኔ ታች ያለውን የአፋር እረኛና የመስኖ ማሳ በቀጥታ ይነካል። እዚያ ላይ ያ ርካሽ የጨው መለኪያችን ትልቅ ሥራ አላት።

የሞተ ወንዝ ይድናል?

ይድናል። የአውሮፓው ራይን ወንዝ ድኗል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1986 ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ያጠፉበት ውሃ ብዙ ፀረ ተባይ ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከተተ። ውሃው ቀላ። ዓሣ በብዛት አለቀ። በዓመቱ የራይን አገሮች የጋራ ዕቅድ አወጡ። ግባቸውን ማንም እንዲገባው አድርገው ጻፉት፦ ሳልመን የተባለው ዓሣ እስከ 2000 ይመለስ። ተመለሰም። በየድንበሩ መለኪያ ጣቢያ ስለነበራቸው ማን እንዳሻሻለና ማን እንዳላሻሻለ ይታይ ነበር።

አዲስ አበባ ላይም የወንዝ ዳርቻ ልማት በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል። ዳርቻው ሲያምር ደስ ይለኛል፣ እውነት ነው። ግን እኔ የምጠብቀው ውሃው ላይ ያለውን ቁጥር ነው። አበባው ከተተከለ በኋላ ኢ ኮላይ ስንት ሆነ? ይህን ለመመለስ ከመተከሉ በፊት የተለካ ያስፈልጋል።

ይህን ሙያ መማር የሚፈልግ ተማሪ የት ይሂድ?

አርባ ምንጭ የቆየ ስም አለው፤ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የተነሳው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳርና ሌሎችም ያስተምራሉ። ሒሳብና ኬሚስትሪ ይበርቱ። ስታትስቲክስን ደግሞ አትናቁት።

የምኖረው ወንዝ ዳር ነው። እኔ ምን ላድርግ?

ደብተር ያዙ። ከአንድ ቦታ፣ ለምሳሌ ከድልድዩ ከአንድ ጥግ፣ በሳምንት አንድ ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ወንዙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ቀለም፣ ሽታውን፣ አረፋ መኖሩን ጻፉ። ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም ብላችሁ ጨምሩ። የሞተ ዓሣ ካያችሁ አትንኩ፤ ፎቶ አንስታችሁ ወዲያው ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በእጃችሁ ውሃውን አትቅዱ። ያላያችሁትን ቀን ባዶ ተዉት።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት ቀበና ዳር እንዲህ ያለ ደብተር አሳዩኝ። የልጃቸው ነው፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ውሃው ሰማያዊ እንደሚሆን ጽፋለች፤ ሰባት ሐሙስ ተከታትላ። እኛ ሁልጊዜ የምንቀዳው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ ማታ ጠርሙስና በረዶ ሳጥን ይዘን እዚያ ቆምን።